እሳቱን የሚቀድም ባለሙያ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የእሳት አደጋ ሥጋት ገምጋሚዎች ከፍተኛ ሥልጠና ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲሉ የዚህን ሙያ ትርጕም በሁለት ቃል ጨርሰውታል። የእሳት አደጋ ተከላካዩ የሚጠራው ነበልባሉ ከታየ በኋላ ነው። ገምጋሚው ግን ሕንፃው ጸጥ ብሎ ሳለ ገብቶ፣ እሳቱ ነገ ሊሄድበት የሚችለውን መንገድ ዛሬ በእግሩ መርምሮ መውጣት ይጠበቅበታል። ሥራው በሚገባ ሲሠራ የሚታይ ነገር የለውም፤ ሲጓደል ግን ጉድለቱ በሰው ሕይወት ይቆጠራል።

የሙያው መነሻ ትምህርት ለሁላችንም የታወቀ ነው። እሳት ሊያስነሣ የሚችለውንና የሚቀጣጠለውን ነገር መለየት፣ ለአደጋው የሚጋለጡትን ሰዎች ማወቅ፣ ሥጋቱን መዝኖ መቀነስ፣ የተገኘውን በጽሑፍ ማስፈር፣ በየጊዜውም መከለስ ነው። ይህ ለአንዲት ሱቅ ወይም ለአነስተኛ ቢሮ ሊበቃ ይችላል። ብዙ ቤተሰብ ተኝቶ ለሚያድርበት ረጅም ሕንፃ ግን አይበቃም። ይህንንም ከሁሉ አብልጦ የሚያስረዳን የለንደኑ የግሬንፌል ሕንፃ ቃጠሎ ነው።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 2017 ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ በሕንፃው አራተኛ ፎቅ፣ በአንድ ወጥ ቤት ውስጥ እሳት ተነሣ። የእሳቱ መነሻ ከማቀዝቀዣው አጠገብ ነበር፤ ይህም በየከተማው የሚያጋጥም ተራ አደጋ ነው። ነገር ግን እሳቱ በመስኮቱ ዙሪያ አልፎ የሕንፃውን የውጭ ልባስ ያዘ። ልባሱ በሁለት ስስ የአሉሚኒየም ገጾች መካከል ፖሊኢቲሊን የተባለ በቀላሉ የሚቀጣጠል ፕላስቲክ የያዘ ስለ ነበር፣ ነበልባሉ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ እስከ ላይኛው ጫፍ ደረሰ። ሃያ አራት ፎቅ ያለው ያ ሕንፃ አንድ ደረጃ ብቻ ነበረው። ሰባ ሁለት ሰዎች ሞቱ፤ ከሟቾቹም መካከል ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሄዱ ወገኖቻችን ስለ ነበሩ ኀዘኑ ከእኛም ቤት ደርሷል።

እኛን እንደ ባለሙያ ሊያሳስበን የሚገባው ነገር ሕንፃው ጨርሶ ሳይገመገም የቀረ አለመሆኑ ነው። በተደጋጋሚ ተገምግሟል፤ ወረቀቱም በመዝገብ ነበረ። የአጣሪው ጉባኤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት እንዳረጋገጠው ግን፣ ግምገማውን ያካሄደው ሰው ለዚያን ያህል ሰፊና ውስብስብ ሕንፃ የሚመጥን ብቃት አልነበረውም። በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. የ2005ቱ የእሳት ደኅንነት ድንጋጌ ግምገማ እንዲደረግ ሲያስገድድ፣ ገምጋሚው ምን ዓይነት የብቃት ማስረጃ ሊኖረው እንደሚገባ አልወሰነም ነበር። የውጭ ግድግዳ በግምገማው ውስጥ መግባቱን በማያሻማ ቃል የደነገገውም ከአደጋው አራት ዓመት በኋላ በ2021 የወጣው ሕግ ነው።

እንግዲህ ከፍተኛ ሥልጠና የሚባለው ምን ማስተማር አለበት? በእኔ አስተያየት ዋና ዋናዎቹ ሦስት ናቸው።

አንደኛው ሕንፃን እንደ አንድ አካል ማየት ነው። ጀማሪው ገምጋሚ የእሳት ማጥፊያውን ቀን ያነባል፤ የበሰለው ግን ኬብልና ቧንቧ ባለፈበት ቀዳዳ ጢስ ወዴት እንደሚሄድ ይጠይቃል። «ከቤታችሁ አትውጡ» የሚለው መመሪያ የሚሠራው እያንዳንዱ ቤት እሳቱን በውስጡ ይዞ ሊያቆየው ሲችል ብቻ ነው። አንድ በር ራሱን የሚዘጋበት መሣሪያ ከተሰበረ፣ ወይም የውጭው ግድግዳ ራሱ ማገዶ ከሆነ፣ መመሪያው የቆመበት መሠረት ይናዳል።

ሁለተኛው በውስጡ የሚኖረውን ሰው ማወቅ ነው። በዕቅዱ ላይ ያለው ሰው ነቅቶ፣ ምልክቱን አንብቦ በደረጃ የሚወርድ ጤናማ ጎልማሳ ነው። በእውነተኛው ሕንፃ ግን ደረጃ መውረድ የማይችሉ አሮጊት፣ የተኛ ሕፃን፣ የማስጠንቀቂያው ቋንቋ የማይገባው እንግዳ አለ። ለእነዚህ መውጫ ያላሰበ ግምገማ ተጠናቀቀ ሊባል አይችልም።

ሦስተኛውና እጅግ አስቸጋሪው የራስን ወሰን ማወቅ ነው። ገምጋሚውን የሚቀጥረውና የሚከፍለው ባለ ሕንፃው ነው፤ ባለ ሕንፃውም ብዙ ጊዜ የሚሻው ንጹሕ ወረቀት ነው። «ይህ ከእውቀቴ በላይ ነውና ሌላ መሐንዲስ ይመልከተው» ማለት ገበያ ያሳጣ ይሆናል። ይሁን እንጂ ይህን ለማለት ያልሠለጠነ ሰው፣ የቀረውን ሁሉ ቢያውቅ እንኳ ለረጅም ሕንፃ አይታመንም። ያሳሰበው እርማት መፈጸሙን መከታተልም የዚሁ ግዴታ ክፍል ነው፤ ያልተፈጸመ ማሳሰቢያ ማንንም ከእሳት አያድንምና።

የአጣሪው ጉባኤ የገምጋሚዎች ብቃት በግዴታ እንዲረጋገጥ ሐሳብ አቅርቧል። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው የብሪታንያ የሙያ ደረጃም የገምጋሚዎችን ብቃት በጀማሪ፣ በመካከለኛና በከፍተኛ እርከን ከፍሎ አስቀምጧል። የእርከኑ ጥቅም ማን የትኛውን ሕንፃ ሊገመግም እንደሚችል አስቀድሞ መለየቱ ነው።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ወደ ላይ እያደገች ነው፤ በአሉሚኒየም ልባስ የተሸፈኑ ሕንፃዎችም በየጎዳናው ይታያሉ። የልባሱ ውስጥ ከምን እንደ ተሠራ ከመንገድ ላይ ቆሞ ማወቅ አይቻልም። ጠይቆ፣ ሰነዱን አስቀርቦ፣ ሲያስፈልግም ናሙና አስመርምሮ ነው የሚታወቀው። ይህን የሚጠይቅ ሰው ማሠልጠን የእኛ ፈንታ ነው።

ስለዚህ ማኅበራችን ሥልጠና ሲያዘጋጅ፣ የምስክር ወረቀቱ በንግግር አዳራሽ ተቀምጦ በማዳመጥ ብቻ እንዳይሰጥ አሳስባለሁ። ሠልጣኙ ከበሰለ ባለሙያ ጋር በሕንፃ ውስጥ ይዙር፤ የጻፈው ሪፖርት በሌሎች ይመርመር፤ ብቃቱም በየጊዜው ይፈተን። ከሁሉም በላይ፣ እውነቱን በመጻፉ ሥራ ያጣ አባል ቢኖር ማኅበሩ ከጎኑ ይቁም። ብቻውን የቆመ ገምጋሚ እስከ መቼ እንደሚጸና ሁላችንም እናውቃለንና።