ንስሩ የዋጠው እርሳስ

ማህሌት፦ ሄኖክ፣ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1974 ጀምሮ አዳኝ አእዋፍን ብቻ የሚያክም ማዕከል አለ። በዓመት ወደ 1,000 ንስር፣ ጭልፊትና ጉጉት ይቀበላል። መኪና የገጨው ይበዛል መሰለኝ።

ሄኖክ፦ የመኪናውስ ቁስል ይታያል፤ ክፉው የማይታየው ነው። አዳኞች አጋዘን በጥይት ይገድሉና ሆድ ዕቃውን ጫካ ጥለው ይሄዳሉ። ጥይቱ የእርሳስ ከሆነ ደቃቅ ፍንጣሪው እዚያው ይቀራል። ራሰ ነጩ ንስር መጥቶ ይበላዋል።

ማህሌት፦ ያቺ ፍንጣሪ ንስር ታሸንፋለች?

ሄኖክ፦ እንዴታ! የጨጓራው አሲድ ኃይለኛ ስለሆነ እርሳሱን አሟሙቶ ደሙ ውስጥ ይከተዋል። ክንፉ ይዝላል፤ መቆም ያቅተዋል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሐኪሞቹ እርሳሱን ከደም ይዞ የሚያስወጣ መድኃኒት ይወጉታል። ዘግይቶ ከመጣ ግን ተስፋው የመነመነ ነው።

ማህሌት፦ የዳነውንስ በር ከፍተው «በል ሂድ» ይሉታል?

ሄኖክ፦ ኧረ የት! እግሩ በረጅም ገመድ ታስሮ ሜዳ ላይ መብረር ይለማመዳል። ላባው ከተሰበረ ደግሞ ከሞተ ወፍ የተቀመጠ ላባ፣ ልክ የዚያው ቦታ ተመርጦ፣ በቀጭን ዘንግ ይቀጠልለታል። ጊዜው ሲደርስ ያ ይረግፍና የራሱ ይበቅላል።

ማህሌት፦ ልፋቱ ይደነቃል፤ ግን የመዳብ ጥይት ገበያ ላይ እያለ እርሳስ ለምን?

ሄኖክ፦ ካሊፎርኒያ በአውሮፓውያኑ ከ2019 ጀምሮ በእርሳስ ጥይት ማደንን ከልክላለች። ሚኒሶታ ውስጥ ግን በአብዛኛው ምርጫው የአዳኙ ነው።

ማህሌት፦ የንስሩ አይደለማ።