ሽቦ ለምን ይረግባል?



ማይንክራፍት በ2011 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከስዊድን አገር ተሟልቶ የወጣ የኮምፒዩተር ጨዋታ ሲሆን፣ በውስጡ ምድሩም ቤቱም እያንዳንዱ ጎኑ አንድ ሜትር በሆነ ኩብ ይታነጻል። ልጅዎ በዚህ ጨዋታ ከተማ ሲቆረቁር አይተው ይሆናል። ከተማ መብራት ይሻል፤ መብራትም ምሰሶና ሽቦ።

በጨዋታው አብዛኛው ኩብ ያለ ድጋፍ በአየር ላይ ስለሚቆም፣ ሽቦ ይሁን ተብሎ ከምሰሶ ወደ ምሰሶ የተደረደረ ሰንሰለት እንደ ማስመሪያ ቀጥ ይላል። ልጁም ሥራው የጸዳ ይመስለዋል። እውነተኛ ሽቦ ግን ክብደቱ ስለሚስበው በመካከሉ ይረግባል። ይህም (እኔ ራሴ ብዙ ዘመን እንደ ገመትሁት) የሠራተኛ ስንፍና አይደለም፤ በስሌት የሚወሰን ነው። ሽቦ በብርድ ያጥራልና፣ እጅግ የተወጠረ እንደ ሆነ ይበጠሳል ወይም ምሰሶውን ያዘነብላል። በሐሩር ደግሞ ስለሚረዝም፣ ከልክ በላይ የላላው ወርዶ ወደ መንገደኛው ራስ ይቀርባል።

እንግዲህ ልጅዎ ሰንሰለቱን ከምሰሶው ሲርቅ በደረጃ ዝቅ፣ ሲቀርብ ከፍ እያደረገ ይደርድረው።

በዚያው ሌላም ነገር ይንገሩት። ሰንሰለቱ ኃይል አያስተላልፍም፤ በጨዋታው ይህን የሚያደርገው ሬድስቶን የሚባል ቀይ ዱቄት ነው፤ እርሱም ካልታገዘ ከ15 ኩብ አያልፍም። ስለዚህ ልጁ በዚያ ሽቦ ላይ ቢራመድበት ምንም አይሆንም። ከነፋስ በኋላ በመንገድ ላይ ወድቆ የሚያገኘው ሽቦ ግን፣ ዝም ብሎ ቢተኛም ኃይል ሊኖረው ይችላልና፣ ሳይቀርበው ተመልሶ ለእርስዎ ይንገርዎ።