የልጅ አንደበት እንዴት ይፈታል?

(በጀልዴሳ፣ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን፣ በአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)

ርእሴ የንግግር ሕክምና ለሕፃናት ስለሚሰጠው ጥቅም ነው። ይህንንም እንድመርጥ ያደረገኝ አንድ የቆየ ዕዳ ነው።

አራተኛ ክፍል ሳለን የሚንተባተብ ጓደኛ ነበረን። ተነሥቶ እንዲያነብ በታዘዘ ጊዜ የመጀመሪያዪቱን ፊደል እየደጋገመ ፊቱ በላብ ይጠመቅ ነበር። እኛም እንስቅበት ነበር፤ ከሁሉም አብልጦ የሚስቀው እኔ ነበርሁ። ልጁ ዓመቱ ሳይጋመስ ትምህርቱን ተወ። ባለፈው ክረምት ፍየሎቹን ውሃ ሲያጠጣ አገኘሁት። ብቻውን ሲዘፍን ቃሉ ያለ አንዳች መሰናክል ይወርድ ነበር፤ እኔን ባየ ጊዜ ግን አንደበቱ ተያዘ። በሒሳብ ሁላችንንም ይበልጥ የነበረው ልጅ ዛሬ በመካከላችን የለም።

የምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ከመድረሱ በፊት፣ ይህች ጀልዴሳ ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወጣው ቅፍለት ማረፊያ እንደ ነበረች ከአባቶቻችን ሰምተናል። በዚያን ዘመን ሶማልኛው፣ ኦሮምኛው፣ ዐረብኛውና አማርኛው በአንድ ገበያ ይገናኝ ነበር። ቋንቋ ያላግባባው ነጋዴ አስተርጓሚ ይፈልጋል እንጂ ደንቆሮ ተብሎ ከገበያ አይባረርም። አባቶቻችን ለእንግዳ ያልነፈጉትን ትዕግሥት እኛ ለገዛ ልጆቻችን ልንነፍግ አይገባም።

ለመሆኑ ልጅ መቼ ይናገራል? ብዙውን ጊዜ ሕፃን በ6 ወሩ ገደማ «ባባ፣ ዳዳ» እያለ ድምፅ ይለማመዳል፤ በዓመቱ ገደማ የመጀመሪያውን ቃል ይናገራል፤ በ2 ዓመቱ ሁለት ቃላት ያጋጥማል፤ 4 ዓመት ሲሞላው የሚናገረውን እንግዳ ሰው እንኳ በአብዛኛው ይረዳለታል። አንዱ ይፈጥናል፣ ሌላው ይዘገያል፤ ነገር ግን ልጁ ከዚህ እጅግ ወደ ኋላ ቢቀር «አድጎ ይተወዋል» ብሎ ዝም ማለት አይበጅም። አበው «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። ለአዋቂ ሰው መልካም ምክር ነው፤ የሕፃን ዝምታ ግን ይነቅዛል። መናገር ያልቻለ ልጅ አይጠይቅም፤ ያልጠየቀም አይማርም፤ ከጓደኞቹም ጋር አይጫወትም።

ምክንያቱ ልዩ ልዩ ስለ ሆነ መጀመሪያ የሚመረመረው ጆሮ ነው። ያልሰማውን ድምፅ የሚናገር የለምና፤ ጆሮው ደጋግሞ የሚመግል ልጅ ቃሉ ሊኮላተፍ ይችላል። ጨርሶ የማይሰማ ልጅ ደግሞ የምልክት ቋንቋን ገና በሕፃንነቱ ቢማር አእምሮው እንደ ማንኛውም ልጅ ይዳብራል። ሌላው ምክንያት የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅ ነው። በዓለም ላይ ከ700 ያህል ሕፃናት አንዱ ከዚህ ጋር ይወለዳል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2001 የተመሠረተውና በጎረቤታችን በሐረር ስም የሚጠራው ፕሮጀክት ሐረር የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት እንደነዚህ ያሉትን ልጆች ለቀዶ ሕክምና ሲያበቃ ቆይቷል። ይሁን እንጂ ላንቃው የተሰፋለት ልጅ በማግሥቱ አጥርቶ አይናገርም፤ በአፍንጫው ያወጣው የነበረውን ትንፋሽ በአፉ ማውጣት ገና ይማራል።

የንግግር ሕክምና ሥራ ይህ ነው። መርፌም ኪኒንም የለበትም። ባለሙያው ከልጁ ጋር መስተዋት ፊት ይቀመጣል፤ ምላስ የት እንደሚያርፍ፣ ከንፈር እንዴት እንደሚገጥም ያሳየዋል። ብጣሽ ወረቀት በአፉ አጠገብ ይዞ «ፐ» ሲል ወረቀቱ ሲንቀሳቀስ ያሳየዋል። «ካሳ» ለማለት «ታሳ» የሚለውን ልጅ በመጀመሪያ ሁለቱን ድምፆች በጆሮው እንዲለይ፣ ከዚያም ድምፁን ለብቻው፣ በቃል ውስጥና በዐረፍተ ነገር ውስጥ እንዲያወጣ በጨዋታ ያለማምደዋል። ወላጆችም በየቀኑ በቤት እንዲደግሙት ያስተምራቸዋል፤ ሳይደገም የሚጸና የለምና።

እዚህ ላይ ለእኛ ለጀልዴሳ ልጆች የሚያስፈልግ ማስጠንቀቂያ አለ። በቤቱ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ እያጠራ የሚናገር ልጅ በሌላ ቋንቋ ሲጠየቅ ዝም ቢል ሕመም የለበትም፤ ቋንቋውን ገና እየተማረ ነው። ሁለትና ሦስት ቋንቋ መናገርም መንተባተብን አያመጣም። እውነተኛው ችግር በእናቱም ቋንቋ ይታያል። ስለዚህ ምርመራው በእናቱ ቋንቋ ሊሆን ይገባል፤ የአማርኛው «ጠ» እና «ቀ»፣ የኦሮምኛው «ዸ» በውጭ አገር መጽሐፍ ብቻ አይገኝምና።

ክቡራን ወላጆች፤ በድፍረት አይቁጠሩብኝና፣ አንደበት ይፈታል ወይም ጉሮሮ ይድናል ተብሎ የልጅን እንጥል ማስቆረጥ ይቅር። እንጥልና ለስላሳው ላንቃ ስንናገር የአፍንጫን መንገድ የሚዘጉ በሮች ናቸው፤ ቁስሉም ደም አፍስሶ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በዚህ ድርጊት በሕፃን ላይ ጉዳት የሚያደርስን ሰው ይቀጣል።

ችግሩን በትዕግሥት ያሸነፉ ብዙዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1952 የነገሠው የእንግሊዝ ንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ ተብታባ ነበር፤ ሊዮኔል ሎግ የተባለ አውስትራሊያዊ አስተማሪ ለብዙ ዓመታት አለማምዶት ለሕዝቡ በራዲዮ ለመናገር በቃ። በአገራችንም ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ የኦቲዝም ችግር ያለበትን ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ቢያጡ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ፤ በፊደላችን ድምፆች ላይ የተመሠረተ የማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጁ። ሙያው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ መሰጠት ቢጀምርም ባለሙያዎቹ ጥቂቶች ናቸው፤ ከእነርሱም የሚበዙት በዋና ከተማው ይገኛሉ።

ባለሙያው እስኪደርሰን ድረስ ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። ወላጆች ሆይ፤ ከሕፃናት ጋር ፊት ለፊት ተነጋገሩ፤ ተረት ንገሯቸው፤ የዘገየውን ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ጆሮውን አስመርምሩ። መምህራን ሆይ፤ ለሚንተባተበው ልጅ ጊዜ ስጡት፤ «ቶሎ በል» አትበሉት፤ ቃሉንም ከአፉ አትንጠቁት። ተማሪዎች ሆይ፤ በመሳቅ ፈንታ ዐይኑን እያየን እስኪጨርስ እንጠብቀው። ይህ ገንዘብም ዲግሪም አይጠይቅም።

እኔም ወደ ጓደኛዬ ሄጄ ይቅርታ ለምኜዋለሁ። መልሱን ለመናገር ረዥም ጊዜ ወሰደበት፤ በዚህ ጊዜ ግን እስከ መጨረሻው አዳመጥሁት። «መጽሐፉ አሁንም አለኝ» አለኝ። እንግዲህ ክቡር ርእሰ መምህር፤ በሚመጣው መስከረም ልመዝግብ ብሎ ቢመጣ፣ ስሙን እስኪናገር ድረስ እንዲጠብቁት በትሕትና እለምናለሁ።