ሐረግ ፍለጋ ከመሮጥ አስቀድሞ ማሰናዳት፦ የስኳር ድንች ቁርጥራጭ በጓሯችን
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የሥራሥር ሰብሎች ባለሙያ የቀረበ ንግግር)





ከእኔ በፊት የተናገሩት ስለ ገበያ፣ ስለ ማዳበሪያ አቅርቦትና ስለ ትርፍ ክፍፍል ሰፊ ማብራሪያ ሰጥተዋል። እኔ ደግሞ በተሰጠኝ አጭር ጊዜ ከቤታችን ጀርባ ስላለችው ትንሽ ቦታና እዚያ ስለምንተክለው ስኳር ድንች እናገራለሁ። ጉዳዩ ትንሽ ቢመስልም፣ በበጋው መጨረሻ እህል ሲያልቅ ልጆቻችን የሚበሉትን የሚወስን ነው።

ስኳር ድንች በወላይታ፣ በጋሞ፣ በሲዳማና በሐረርጌ የብዙ ቤተሰብ መከታ ነው። መሬት ለጠበበበት ሰው ከትንሽ ቦታ ብዙ ምግብ ይሰጣል፤ በአራትና በአምስት ወር ይደርሳል፤ ቅጠልና ሐረጉም ለከብት መኖ ይሆናል። ይሁን እንጂ ይህ መከታ የሚናድበት ጊዜ አለ። በ2000 ዓ.ም. በወላይታና በአጎራባች አካባቢዎች ዝናቡ ሲዛባ የበልግ ሰብል ብቻ ሳይሆን ስኳር ድንቹም ተበላሽቶ ነበር። በኋላ ዝናብ ዘንቦ ማሳው ሁሉ አረንጓዴ ለብሶ ሳለ ሕፃናት በምግብ እጥረት ወደ ሕክምና ጣቢያ ይወሰዱ ስለነበር፣ ብዙዎች ያንን ጊዜ «አረንጓዴ ረሃብ» ሲሉ ጠርተውታል።

እንዲህ ያለው ችግር ዝናብ ሲመለስ ወዲያው አያበቃም። ዝናቡ ሲመጣ የሚተከል ሐረግ ካልተገኘ ችግሩ ወደሚቀጥለው ወቅት ይሻገራል። ዛሬ ላስገነዝባችሁ የምፈልገውም ይህንኑ ነው።

ዘሩ ሕይወት ያለው ስለሆነ

የበቆሎ ዘር በጎተራ ይቀመጣል። የባቄላ ዘር በቅል ይቀመጣል። ስኳር ድንች ግን የሚተከለው ከለምለም ሐረግ በተቆረጠ ቁርጥራጭ ነው። ሐረጉ በበጋ ከደረቀ ወይም ከብት ከበላው ዘሩ ጠፋ ማለት ነው። በዚህም ምክንያት ዝናብ በጣለ ማግስት ሁሉም ሰው በአንድ ቀን ሐረግ ፈላጊ ይሆናል። የወንዝ ዳር መሬት ያለው ጥቂት ሰው ይሸጣል፤ ዋጋው ይንራል፤ ከሩቅ በመኪና የመጣውም በመንገድ ጠውልጎ ይደርሳል። በ2008 ዓ.ም. የኤልኒኖ ድርቅ ጊዜ የስኳር ድንች ቁርጥራጭ ከአስቸኳይ የዘር እርዳታዎች አንዱ እስከ መሆን ደርሶ ነበር። እርዳታውን ማመስገን ተገቢ ነው። ነገር ግን አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። በዝናብ ማግስት የሚፈለግ ሐረግም እንደዚሁ ነው።

መፍትሔው ሐረጉን በሥሩ ማቆየት ነው። ዓለም አቀፉ የድንች ማዕከል ከአፍሪካ ተመራማሪዎችና አርሶ አደሮች ጋር ያዳበረው ዘዴ አለ፤ ስኳር ድንቹን በአሸዋ ውስጥ አቆይቶ ከዝናብ በፊት ማብቀል ነው። በአገራችንም የተዋወቀ ሲሆን፣ የሚጠይቀው አንድ ሳፋ፣ ደረቅ አሸዋና ጥቂት ጥንቃቄ ነው።

አሠራሩ ደረጃ በደረጃ

አንደኛ፣ መረጣው የሚጀምረው ሰብሉ በማሳ ላይ ሳለ ነው። ቅጠሉ ያልተጨማደደ፣ ያልቀጨጨ፣ ቢጫ ዝንጉርጉር ያልሆነውን ተክል እየለያችሁ በእንጨት ምልክት አድርጉበት። የቫይረስ በሽታ ከታመመ ተክል በሐረጉም በሥሩም ይተላለፋል። ስለዚህ ጥሩ ጥሩውን በልተን የተረፈውን ቀጫጫ ለዘር ማቆየት በሽታውን ለራሳችን እንደ ማውረስ ይቆጠራል።

ሁለተኛ፣ በምርት ጊዜ ምልክት ካደረግንባቸው ተክሎች ትንንሽና መካከለኛ የሆኑትን፣ በመቆፈሪያ ያልተቆረጡትንና የነቀዝ ቀዳዳ የሌለባቸውን እንለያለን። አፈሩን በእጅ እናራግፋለን እንጂ በውሃ አናጥብም። አንድ ሁለት ቀን በጥላ ሥር እናቆያቸዋለን።

ሦስተኛ፣ አሸዋው ፍጹም ደረቅና የቀዘቀዘ መሆን አለበት። ከፀሐይ እንደተነሣ በትኩሱ ከተጨመረ ድንቹ ይበሰብሳል። በሳፋው ሥር ጋዜጣ እናነጥፋለን፤ በላዩ አሸዋ እናደርጋለን፤ ድንቾቹን እርስ በርስ ሳይነካኩ እንደረድራለን፤ እንደገና አሸዋ፣ እንደገና ድንች እያልን ሳፋውን ከሞላን በኋላ የላይኛውን ሽፋን በአሸዋ እናወፍራለን። ሳፋውን ዝናብ፣ ፀሐይና አይጥ በማይደርስበት ቀዝቃዛ የቤት ጥግ እናስቀምጠዋለን።

አራተኛ፣ በወር አንድ ጊዜ አውጥተን እንፈትሻለን። የበሰበሰውንና ነቀዝ የገባበትን እናስወግዳለን። ጊዜው ሳይደርስ ያቆጠቆጠ ካለ ቡቃያውን በእጅ ቀንጥሰን መልሰን እንቀብረዋለን።

አምስተኛ፣ ዝናብ ይጀምራል ተብሎ ከሚጠበቅበት ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቀደም ብለን ድንቾቹን በጓሮ መደብ ላይ እንተክላቸዋለን። በልጉ በመጋቢት አጋማሽ በሚገባበት አካባቢ ይህ ሥራ ከጥር አጋማሽ እስከ ወሩ መጨረሻ ይሠራል። በድንቹና በድንቹ መካከል ግማሽ ሜትር እንተዋለን፤ መደቡን በበሰበሰ ፍግ እናዳብራለን፤ ከፍየልና ከዶሮ በአጥር እንከልለዋለን። አፈሩ እንዳይደርቅ በየሦስትና በየአራት ቀኑ ውሃ እናጠጣለን። ቦታው ጠባብ ስለሆነ የሚፈለገው ውሃ ለአንድ ቤተሰብ የሚከብድ አይደለም።

ስድስተኛ፣ ሐረጉ ሲረዝም 30 ሳንቲ ሜትር ያህል እያደረግን ከጫፉ በኩል እንቆርጣለን። ከመሬት አጠገብ አንቆርጥም፤ ነቀዝ እንቁላሉን የሚጥለው በአሮጌው የሐረግ ክፍል ስለሆነ አፈሩ ላይ ጉቶ መተው ይገባል። የተቆረጠውን በጥላ አቆይተን በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ እንተክላለን። ሲተከልም የታችኛውን ቅጠል አራግፈን ከሐረጉ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን እንቀብራለን።

በመጨረሻም ከተከላ በኋላ አፈር ማስታቀፍ እንዳይዘነጋ። መሬቱ ደርቆ ሲሰነጠቅ ነቀዝ በስንጥቁ ወደ ሥሩ ይገባል፤ የተጎዳው ድንች ይመራል፤ ለሰውም አይጥምም። አፈር ማስታቀፍ፣ በወቅቱ መሰብሰብና በየዓመቱ ቦታ መቀያየር ያለ መድኃኒት የምንከላከልባቸው መንገዶች ናቸው።

ሒሳቡ ምን ይላል?

በደህና ከተያዙ 40 ድንቾች እስከ 1,500 ቁርጥራጭ ማግኘት ይቻላል። በመስመር መካከል 60፣ በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ብንተክል ይህ 270 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ ለአንድ ቤተሰብ ጓሮ በቂ ነው ማለት ነው። አንድ ሩብ ሄክታር ደግሞ 14,000 ያህል ቁርጥራጭ ይፈልጋል። አሁን ወደ ማኅበር እናምጣው። 200 አባላት ያሉት መሠረታዊ ማኅበር እያንዳንዱ አባል አንድ አንድ ሳፋ ቢይዝና ሁሉም ቢሳካለት 300,000 ቁርጥራጭ ይሆናል፤ ከአምስት ሄክታር በላይ ይተክላል። ግማሹ እንኳ ቢበላሽ የቀረው ሐረግ ፍለጋ ከመንከራተት ያድናል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ለዚህ ነው።

ምን ዓይነት እንትከል?

ሐረጉን ካዘጋጀን አይቀር የምንተክለውን ዝርያ ማሰብ ይገባል። ነጩ ስኳር ድንች፣ ለምሳሌ «አዋሳ 83»፣ ጠንከር ያለና የሚጠግብ በመሆኑ ይወደዳል። ነገር ግን የቫይታሚን ኤ ይዘቱ እጅግ አነስተኛ ነው። ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው ግን ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ንጥረ ነገር አለው። ከእነዚህ ውስጥ «ኩልፎ» እና «ቱላ» እ.ኤ.አ. በ2005፣ «አላሙራ» እና «ዲላ» እ.ኤ.አ. በ2019 የተለቀቁ ናቸው። መካከለኛ ብርቱካናማ ድንች አንዱ ብቻ፣ 125 ግራም ያህሉ፣ ከአምስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን የቀኑን የቫይታሚን ኤ ፍላጎት ሊያሟላ ይችላል። ትንሽ ቅቤ ወይም ዘይት ሲጨመርበት ሰውነት ይበልጥ ይጠቀምበታል። ማሪያ አንድራዴ፣ ሮበርት ምዋንጋና ጃን ሎው የተባሉት የድንች ማዕከሉ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2016 ከሃዋርዝ ቡዊስ ጋር የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት ይህን ሰብል በአፍሪካ ቤተሰቦች ማዕድ ላይ ለማድረስ በሠሩት ሥራ ነው። ነጩን ጣሉ አልልም። ከጓሮው ጥቂት መስመር ለብርቱካናማው ብንሰጥ ግን ለሕፃናቱ ዓይንና ጤና ይጠቅማል።

ለዩኒየናችንና ለኃላፊዎቻችን

ከዚህ በመነሣት ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው፣ እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር ውሃ አጠገብ አንድ የእናት ማሳ ቢኖረው መልካም ነው። ሁለት ሦስት አንጓ ያላቸውን አጫጭር ቁርጥራጮች በ20 በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት አጠጋግቶ በመትከል ንጹሕ ሐረግ በፍጥነት ማባዛት ይቻላል። ይህ ማሳ በተቆረጠ ዋጋ ለአባላት የሚሸጥበት የማኅበሩ ሥራ ይሁን።

ሁለተኛው፣ ሥልጠናው ለእናቶች ይድረስ። ጓሮውን የምትንከባከበው፣ ሳፋውን የምትፈትሸው፣ ሕፃኑን የምታበላው እርሷ ሆና ሳለ ለሥልጠና የሚጠራው አባወራው ብቻ ከሆነ ዕውቀቱ በመንገድ ይቀራል።

ሦስተኛው ለወረዳ ኃላፊዎቻችን ነው። የሐረግ ጉዳይ በመጋቢት ሳይሆን በኅዳር ዕቅድ ውስጥ ይግባ። በኅዳር «በየቀበሌው ስንት ሳፋ ተዘጋጀ?» ተብሎ ከተጠየቀ፣ በመጋቢት «ሐረግ ከየት እናምጣ?» የሚለው ስብሰባ አያስፈልግም።

ክቡራትና ክቡራን፣ ዩኒየናችን የተቋቋመው አንዱ አባል ብቻውን የማይችለውን በጋራ ለማድረግ ነው። ዘርን በራስ እጅ ማቆየት ከዚህ ዓላማ ይመደባል። በመጪው የስኳር ድንች ቁፋሮ ወቅት ከየማሳችሁ አርባ ጤነኛ ድንች ሳይበላና ሳይሸጥ እንዲቀር አደራ እላለሁ።