ሦስተኛው ሙከራና ረጅሙ ርቀት
(የቲሞችን ለሚያሳድጉና ለሚደግፉ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ሩቅ አገር ሰው ነው። ስሙ ዴሪክ ቶማስ ይባላል። በአሜሪካ እግር ኳስ፣ ማለትም ሞላላውን ኳስ በእጅ ይዘው በሚጋፉበት ጨዋታ፣ የታወቀ ተከላካይ ነበር። «መድረሳ ያሳደገው አስተማሪ ስለ አሜሪካ ስፖርት ምን አገባው?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። መልሴ አጭር ነው፤ ይህ ሰው የቲም ነበር። በእኛ ዘንድ የቲም የሚባለው ለአካለ መጠን ሳይደርስ አባቱ የሞተበት ልጅ ነውና። አባት የሌለው ልጅ በየትኛውም ምድር ቢሆን የሚገጥመው ፈተና ይመሳሰላል።

ዴሪክ እ.ኤ.አ. በ1967 በጃንዋሪ መጀመሪያ ቀን በፍሎሪዳ፣ በማያሚ ከተማ ተወለደ። አባቱ የአየር ኃይል መኮንንና ቢ-52 የተባለው ግዙፍ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ረዳት አብራሪ ነበር። በዲሴምበር 1972 በሰሜን ቬትናም ላይ በተካሄደው ዘመቻ አውሮፕላኑ ተመትቶ ወደቀ፤ አባትም አልተመለሰም። ልጁ ስድስት ዓመት ሊሞላው የቀረው ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ነበር። የዘመቻው መጠሪያ «ላይንባከር ሁለት» ይባል ነበር። ልጁ አድጎ ስሙን ያስጠራበት የተከላካይነት ቦታም «ላይንባከር» ይባላል። ይህን የምጠቅሰው ሕፃኑ ያን ቃል በሰማ ቁጥር ምን ሊታወሰው ይችል እንደነበር እንድታስቡ ነው።

እናቱና አያቱ አሳደጉት። ቤት ነበረው፤ የሚወዱት ሰዎችም ነበሩት። ይሁን እንጂ ዕድሜው ወደ አሥራዎቹ ሲገባ መንገድ ሳተ፤ ከሕግም ጋር ተጋጨ። ያኔ ጥፋት ለሠሩ ወጣቶች ወደ ተቋቋመው፣ በማያሚ ወደሚገኘው ዴድ ማሪን ኢንስቲትዩት ተላከ። እዚያ እንደ ወንጀለኛ ብቻ ሳይሆን እንደ ተማሪ ተያዘ። ከዚያ ወጥቶ በሳውዝ ማያሚ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተጫወተ፤ ከዚያም አላባማ ዩኒቨርሲቲ ገባ።

እዚህ ላይ ስለ ጨዋታው ጥቂት ላስረዳ። ኳሱን የያዘው ቡድን አሥር ያርድ፣ ማለትም ዘጠኝ ሜትር ያህል፣ ወደ ፊት ለመግፋት አራት ዕድል ይሰጠዋል። ቡድኑን የሚመራውና ኳሱን የሚወረውረው ተጫዋች ኳርተርባክ ይባላል። እንደ ዴሪክ ያለ ተከላካይ ዋና ሥራው የሚከላከሉለትን ግዙፍ ሰዎች አልፎ፣ ኳሱን ከመወርወሩ በፊት ኳርተርባኩን መጣል ነው። ይህ አጣጣል «ሳክ» ይባላል። በአንድ ጨዋታ ሁለት ሳክ ያገኘ ተከላካይ ጥሩ ውሎ ዋለ ይባላል።

ዴሪክ በዩኒቨርሲቲው በመጨረሻው ዓመት፣ በ1988፣ ሃያ ሰባት ሳክ አስመዘገበ፤ ለአገሪቱ ምርጥ የኮሌጅ ላይንባከር የሚሰጠውን የበትከስ ሽልማትም ተቀበለ። በ1989 ካንሳስ ሲቲ ቺፍስ የተባለው ቡድን በአራተኛው ተራ መረጠው። ቡድኑ ያን ጊዜ ደካማ ነበር፤ ባለፈው የውድድር ዓመት ያሸነፈው አራት ጨዋታ ብቻ ነበር። ወጣቱ በመጀመሪያው ዓመቱ አሥር ሳክ አግኝቶ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተከላካይ ተባለ። በሁለተኛው ዓመት በሃያ ሳክ የሊጉ ቀዳሚ ሆነ፤ ቡድኑም አሥራ አንድ ጨዋታ አሸንፎ ወደ ጥሎ ማለፍ አለፈ።

ከዚያ ዓመት አንድ ቀን ልንገራችሁ። ኖቬምበር 11 ቀን 1990 ነበር። አሜሪካውያን በጦር ሠራዊት ያገለገሉትን የሚያስቡበት በዓል ነው፤ አባቱ በጦርነት ለሞተበት ልጅ ደግሞ ይህ ቀን ተራ ቀን አይደለም። ካንሳስ ሲቲ ላይ ከሲያትል ቡድን ጋር በተደረገው ጨዋታ ዴሪክ ዴቭ ክሬግ የተባለውን ኳርተርባክ ሰባት ጊዜ ጣለው። በሊጉ ታሪክ በአንድ ጨዋታ ሰባት ሳክ ከዚያ በፊት አልታየም ነበር።

ሆኖም ጨዋታው በዚህ አላበቃም። ሰዓቱ ሊያልቅ ሴኮንዶች ሲቀሩ ዴሪክ ለስምንተኛ ጊዜ ክሬግ ዘንድ ደረሰ። እጁንም አሳረፈበት። ክሬግ ግን ተንገዳግዶ አመለጠና ኳሱን ወረወረ፤ ፖል ስካንሲ የተባለው ጓደኛው ከመጨረሻው መስመር ውስጥ ቀለበው። ሲያትል 17 ለ 16 አሸነፈ። ሰባት ጊዜ የያዘ እጅ በስምንተኛው ለቀቀ፤ ጨዋታውም በዚያው ሄደ።

ወገኖቼ፣ ይህን ስሰማ ራሴን ከሰስሁ። ከብዙ ዓመታት በፊት ከተማሪዎቼ መካከል አንድ የቲም ነበር። ትንሽ ሳለ ደብተር ገዝቼለታለሁ፤ በዒድም ልብስ እንዲደርሰው አድርጌአለሁ። አሥራ አራት ዓመት ሲሆነው ተደባዳቢ ሆነ፤ ከክፍልም አስወጣሁት። ተመልሶ አልመጣም፤ እኔም ቤቱ ሄጄ አልጠየቅሁም። ሰባት ዓመት የያዝሁትን ልጅ በስምንተኛው ለቀቅሁት።

አብዛኛው ድጋፋችን ለትናንሽ ልጆች ነው፤ ይህም መልካም ነው። ሕፃን ሲያዩት ያሳዝናል፤ ለእርሱ መስጠትም ይቀላል። ድምፁ የጎረነነ፣ የሚመልስ፣ ማታ የሚያመሽ ልጅ ግን አያሳዝነንም፤ ያስቆጣናል። እናቱ ብቻዋን መቆጣጠር የሚያቅታት በዚያ ዕድሜ ነው። ዴሪክንም ያ ዕድሜ ሊበላው ደርሶ ነበር። በዚያ ሰዓት በሩ ሁሉ ተዘግቶበት ቢሆን ኖሮ አላባማም፣ ካንሳስ ሲቲም አይኖሩም ነበር።

እርሱም ይህን አልዘነጋም። ገና በሁለተኛው የውድድር ዓመቱ፣ በ1990፣ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋመ፤ ስሙንም «ሰርድ ኤንድ ሎንግ» አለው፤ ሦስተኛው ሙከራና ረጅሙ ርቀት እንደ ማለት ነው። ይህ የጨዋታው ቋንቋ ነው። ሁለት ዕድል ያባከነና በሦስተኛው ላይ ገና ብዙ ርቀት የቀረው ቡድን ጭንቅ ውስጥ ነው፤ በአራተኛው አብዛኛውን ጊዜ ኳሱን ለተጋጣሚው ይለቃልና። ለተከላካይ ይህ የደስታ ሰዓት ነው፤ የተጨነቀውን ኳርተርባክ የሚያድንበት ሰዓት ነውና። ዴሪክ ግን ስሙን የሰጠው በጭንቁ ውስጥ ላሉት ልጆች ነው። በሜዳ የሚያጠቃውን ወገን፣ ከሜዳ ውጭ ደገፈው። ቅዳሜ ቅዳሜም በቤተ መጻሕፍት ከከተማው ልጆች ጋር ተቀምጦ ያነብ ነበር። ኳስ ያስተምራቸዋል ብለው ለጠበቁት፣ እርሱ መጽሐፍ ይዞ ተገኘ። በ1993 ሊጉ ለበጎ ሥራ የሚሰጠውን የዓመቱ ሰው ሽልማት ተቀበለ።

በኑሮው ሁሉ አርአያ ነበር አልላችሁም። በጃንዋሪ 2000 በበረዷማ መንገድ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ እየነዳ ሳለ መኪናው ተገለበጠ። የደኅንነት ቀበቶ አላሰረም ነበር። አብሮት ከነበሩት ሁለት ሰዎች ያላሰረው ሞተ፤ ያሰረው በቀላል ጉዳት ተረፈ። ዴሪክም ፌብሩዋሪ 8 ቀን በ33 ዓመቱ አረፈ። በ2009 ስሙ በስፖርቱ የክብር አዳራሽ ተጻፈ፤ እርሱ ግን ያን ቀን አላየም። የቲም ሆኖ ያደገው ሰው የራሱን ልጆች አባት አልባ ትቷቸው ሄደ። አባቶች ሆይ፣ ቀበቶ ማሰርም ለልጆች ከሚደረግ አማና አንዱ መሆኑን አትርሱ።

ከዚህ አዳራሽ ስንወጣ እያንዳንዳችን አንድ ነገር እንድናደርግ እለምናለሁ። በስማችን የተመዘገበውን የቲም ዕድሜ እንጠይቅ። አሥራ ሦስት ወይም አሥራ አራት ከደረሰ ድጋፉን የምናቆምበት ሳይሆን የምናጠብቅበት ሰዓት መጥቷል። ከገንዘቡ ጋር ራሳችን እንሂድ፤ ትምህርቱን እንጠይቀው፤ ከጠፋ እንፈልገው፤ ካጠፋ እንቆጣው፤ በሩን ግን አንዝጋበት። ለአንዳንዱ ልጅ ይህ ሦስተኛው ሙከራው ነው፤ ርቀቱም ገና ረጅም ነው።

አላህ ሥራችሁን ይቀበላችሁ፤ ልጆቻችሁንም ይጠብቅላችሁ። ወስሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።