ከዕቃ ቤት ስለ ወጡት ሸክላዎች

(ባለፈው እሑድ በእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር ነው። በለቅሶና በሥራ ምክንያት ላልተገኙ አባላት ሲባል በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንዲለጠፍ ተወስኗል።)



እንደሚታወቀው በዚህ ስብሰባ የምንነጋገረው ስለ መዋጮ፣ ስለ ድንኳንና ስለ ብረት ድስት ነው። ዛሬ ግን ስለ ዘፈን ልንናገር ተነሥተናል። «እድርና ዘፈን ምን አገናኛቸው?» የምትሉ እንደምትኖሩ እናውቃለን። ያገናኛቸው አንድ ሣጥን ነው። ነገሩ በየቤቱ ተጣሞ ስለ ተወራ ከሥሩ ብንናገረው ይሻላል።

አምና ያረፉት አባታችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ልጆቻቸው ቤቱን ለቅቀው ኮንዶሚኒየም ሲገቡ «ለእድሩ ይሁን» ብለው ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ በርሜልና አንድ የእንጨት ሣጥን አስረክበውናል። በንብረት መዝገቡ ላይ «አሮጌ ሸክላ ያለበት ሣጥን፣ 1» ብለን ጻፍን። ስንት ሸክላ እንደ ሆነ እንኳ አልቆጠርንም። ሣጥኑም ስድስት ወር ሙሉ ዕቃ ቤት ውስጥ ከድንኳኑ ብረት አጠገብ ተቀመጠ። እናቶች ሽንኩርት ሲከትፉ ይቀመጡበት ነበር፤ ሌላ ጥቅም አልነበረውም።

በጥር ወር አንድ አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው መጣ። ከማን እንደ ሰማ እንጃ። ሣጥኑን አስከፍቶ ቶሎ ቶሎ ገለጠና ለሁሉም ባንድ ላይ ዋጋ ጠራልን። ገንዘቡ የድንኳናችንን ሸራ ለመለወጥ ይበቃ ነበር። የድንኳኑን ነገር መቼም ታውቃላችሁ፤ ባለፈው ክረምት በሐዘንተኞች ራስ ላይ ሲያፈስ ያላፈረ የኮሚቴ አባል የለም። ስለዚህ ኮሚቴው ይሸጥ አለ። እኛም በጸሐፊነታችን ይሸጥ ብለናል። ቃለ ጉባኤው በእጅ ጽሑፋችን ስለ ተጻፈ ብንክድም አያዋጣንም።

ነገሩን ያስቆመችው ያን ዕለት ወንበር ልትመልስ የመጣች የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ሰውየው ከወጣ በኋላ ጠጋ ብላ «ጋሼ፣ አንዱ ትልቅ ሸክላ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ እኮ፤ ጀርባውን አይቶ ቶሎ ከተተው። ዋጋ የጠራው ከዚያ በኋላ ነው» አለችን። ሄደን አየነው። የዋልያስ ባንድ «ቼ በለው» የተባለው ነው። ልጅቷ በስልኳ ፈልጋ አነበበችልን፤ በ1977 የታተመ ነው። (ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ አቆጣጠር የምንጠራው የሸክላ ታሪክ የተጻፈው በዚያ ስለ ሆነ ነው።) በ2014 አሜሪካን አገር ያለ አሳታሚ እንደገና አውጥቶታል። የመጀመሪያው እትም ግን፣ ማለትም የእኛ ዓይነቱ፣ ውጭ አገር በሰብሳቢዎች ዘንድ በብዙ መቶ ዶላር የሚፈለግ ነው። ሰውየውን አንወቅስም፤ ነጋዴ ነው፣ ሥራውን ያውቃል። የማናውቀው እኛ ነን።

ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋ ብቻ ብንነጋገር ኖሮ ይህ ንግግር አያስፈልግም ነበር። ልጆቹ ግን «ድምፁን ሳንሰማ?» አሉ። እውነቱን ለመናገር እኛ ሳቅን። ዘፈኑ ስልካቸው ላይ አለ፤ ከዚህ ሁሉ አቧራ ጋር ምን አታገላቸው? እነሱ ግን ተነሥተው ማጫወቻ ፍለጋ ቤት ለቤት ዞሩ። አንዱ አባታችን አልጋ ሥር ተገኘ። የማዞሪያው ጎማ ከማርጀቱ የተነሣ ቀልጦ እንደ ሙጫ ተጣብቆ ነበር። ሬዲዮ ጠጋኛችን በነጻ አጸዳና ሌላ ጎማ ገጠመለት፤ በዚህ አጋጣሚ እናመሰግነዋለን። መርፌው ደግሞ ያለቀ ስለ ነበር አዲሱን የአንዲት አባላችን ልጅ ከዋሽንግተን በመንገደኛ ላከችልን። በዚህ መካከል ሁለት ወር አለፈ፤ ገዢውም ሁለት ጊዜ ደውሏል።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ዘጠኝ ወጣቶችና አምስት ሽማግሌዎች መጡ። ያን ዕለት ያየነውን እንንገራችሁ።

መጀመሪያ የተነሣው የአለማየሁ እሸቴ ትንሽ ሸክላ ነው። መርፌው ሲያርፍ መጀመሪያ ዘይት ላይ ሽንኩርት እንደ ጣሉበት ያለ ድምፅ ወጣ፤ ከዚያ ባንዱ ገባ። ጊታር የሚማር አንድ ልጅ አለን፤ ብድግ ብሎ «ይሄ እኮ ሮክ ነው!» አለ። አንዱ አባታችን ሣቁና «ምን ይሆናል ብለህ ነበር?» አሉት። አለማየሁን የአበሻው ኤልቪስ ይሉት ነበር፤ ጄምስ ብራውንም ይሉታል። አሥመራ በነበረው የአሜሪካኖች የቃኘው ጣቢያ ሬዲዮና በሚገባው ሸክላ ያንን ዘመን የኤልቪስም የጄምስ ብራውንም ሙዚቃ እዚህ ይሰማ ነበር። የኛዎቹ ግን ጊታሩንና ሳክስፎኑን ይዘው በትዝታና በአንቺ ሆዬ ተጫወቱበት። ጌታቸው ካሳ ትዝታን በዝግታ ቀርጾታል፣ እንደገናም በፈጣን ምት ቀርጾታል። ልጆቹ ሁለቱን አከታትለው ሲሰሙ አንድ ዘፈን ነው ብለው ለማመን አስቸገራቸው።

ቀጥሎ «ቼ በለው» ተነሣ። ውስጡ «ሙዚቃዊ ስልት» የሚባለው አለ። እሱ ሲጀምር ልጆቹ ሁሉ አወቁት! ዜማውን ያውቁታል፣ የማን እንደ ሆነ ግን አያውቁም። ያን ጊዜ ጥግ ተቀምጠው የነበሩ፣ በዕድሜያቸው ብዙ የማይናገሩ አንድ አባታችን ዘነጋቸውን ወደ ጎን አድርገው «እነዚህን እኔ ምግብ አቀርብላቸው ነበር» አሉ። ለካ ሒልተን ሆቴል አስተናጋጅ ነበሩ። ዋልያዎች የሚጫወቱት እዚያ ነበር። ሰዓት እላፊ ስለ ነበረ በሌሊት መውጣት አይቻልም፤ የመጣ ሰው እስኪነጋ እዚያው ይቆያል፣ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። «ጠዋት ኮፌ ሳቀርብ ኪቦርዱን የሚጫወተው ልጅ ዓይኑ ደም ለብሶ ነበር» አሉ። ሃያ ዓመት ጎረቤታችን ናቸው፤ ይህን አልሰማንም። ስለ ስኳር በሽታቸውና ስለ ቤታቸው ግብር ነው የምናውቀው።

ልጅቷ ደግሞ በተራዋ ስልኳን እያየች ነገረቻቸው። ባንዱ በ1981 አሜሪካ ለሥራ ሄዶ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። ኪቦርዱን የሚጫወተው ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ለብዙ ዓመት ታክሲ ነድቷል። ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ ይለማመድ ነበር። በ1985 ያወጣው ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ሰው አወቀው፤ እሱም ወደ መድረክ ተመለሰ። አባታችን «ታክሲ?» አሉ። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «መልሳችሁ አጫውቱት እስቲ» አሉ። ሦስት ጊዜ ተጫወተ።

አያችሁ፣ ሽማግሌው ሌሊቱን ያውቃሉ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን አያውቁም። ልጅቷ ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃለች፣ ሌሊቱን አታውቅም። በመካከል ያለነው እኛ ነን፤ እኛ ደግሞ ሁለቱንም አናውቅም። እኛ የካሴት ልጆች ነን። ካሴት በእስክሪብቶ እያጠነጠንን፣ በአንዱ ዘፈን ላይ ሌላ እየቀዳን ያደግን ነን። ሸክላማ መጫወቻችን ነበር። በሙቅ ውኃ አለስልሰን የአበባ ማስቀመጫ የሠራንበት፣ ግድግዳ ላይ ወርውረን የሰበርነው ስንት ነው? ያባቶቻችንን ቤት ስናጸዳ መጀመሪያ የምንጥለው እሱን ነበር።

ስለ ሸክላው ታሪክ አጠር አድርገን እንናገር። ሸክላ የተባለው እንደ ጀበና ስለሚሰበር ይመስለናል፤ የጥንቱ በእርግጥም ይሰበር ነበር። ተሰማ እሸቴ ከመቶ ዓመት በላይ በፊት ጀርመን አገር ሄደው ቀርጸዋል። ኋላ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ አዋጅ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። በ1969 አምኃ እሸቴ የተባለ ወጣት ያንን ተዳፍሮ በራሱ ገንዘብ ማሳተም ጀመረ። የመጀመሪያውም የአለማየሁ እሸቴ ነበር። እዚህ ማተሚያ ስላልነበረ ሸክላው ሕንድ፣ ኋላም ሊባኖስ እየታተመ ይመጣ ነበር። እስከ 1975 ድረስ 103 ትንንሽና 12 ትልልቅ ሸክላ አወጣ፤ የሙላቱ አስታጥቄ «ኢትዮ ጃዝ» በ1974 ከነዚያ አንዱ ነው። ከዚያ አምኃ ተሰደደ። አሊ አብደላ ካይፋ፣ ሰው አሊ ታንጎ የሚላቸው፣ ጥቂት ዓመት ቀጠሉበት። የማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» የእሳቸው እትም ነው። በሰባዎቹ መጨረሻ ካሴት ሁሉን ያዘውና ሸክላ ቀረ።

ከዚያ የሆነው ትንሽ ያሳፍረናል። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ የማሕሙድን ሸክላ ሰምቶ አገራችን ድረስ መጣ፤ በ1986 አውሮፓ ውስጥ እንዲታተም አደረገ። በዘጠናዎቹ መጨረሻም «ኢትዮፒክስ» የሚባለውን ተከታታይ ጀመረ። ሙላቱን ብዙ ፈረንጅ ያወቀው በ2005 በወጣ አንድ የአሜሪካ ፊልም ነው። እኛ ሽንኩርት ስንከትፍበት ሌላው ሰው አቧራውን ያራግፍ ነበር ማለት ነው። አምኃም አለማየሁም በ2021 አረፉ። በዚያው ዓመት፣ በዚህ ሰፈር፣ ስንት ሸክላ ለቆሻሻ መኪና እንደ ተሰጠ እናንተው ቁጠሩት።

አሁን ወደ እድሩ ጉዳይ እንመለስ። ሣጥኑ ውስጥ 61 ሸክላ አለ። 52ቱ ትንንሽ ናቸው፣ 9ኙ ትልልቅ። 11 ተጣምመዋል ወይም ተሰብረዋል። ይህም የሆነው ተጋድመው ስለ ተደራረቡና ከምጣድ ቤቱ ግድግዳ ጋር ስለ ተጠጉ ነው፤ ጥፋቱ የኛ ነው። እቤታችሁ ያላችሁ ሰዎች እባካችሁ እንደ መጽሐፍ አቁማችሁ አስቀምጡት፣ ፀሐይና ምድጃ አታስጠጉት። ስትይዙት ጠርዙንና መሐሉን እንጂ ፊቱን በጣት አትንኩ። በለስላሳ ጨርቅ፣ በጥቂት የተጣራ ውኃ፣ ቦዩን ተከትላችሁ ዙሪያውን ጥረጉት። የጥንቱንና የሚሰበረውን ዓይነት፣ ማለትም በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረውን፣ በአልኮል እንዳትነኩት፤ ይሟሟል። ባለቀ መርፌ ከማጫወት ደግሞ ጨርሶ አለማጫወት ይሻላል፤ ቦዩን ያርሰዋል።

ይሸጥ የሚሉ አባላት አሉ፤ ንግግራቸው ቀላል አይደለም። «ሙት የሚቀበረው በዘፈን ነው ወይ?» ብለዋል። ልክ ናቸው፣ ድንኳኑ ክረምት አይጠብቅም። ገንዘብ ያዣችን እንደሚሉት ለሸራ ካዝናችን ውስጥ ያለው ግማሹን ብቻ ነው። አትሽጡ የሚሉት ወጣቶች ደግሞ መዋጮ የማይከፍሉ ናቸው፤ ይህንንም እናውቃለን። ኮሚቴው ለሁለት ስለ ተከፈለ ነገሩ ለእናንተ ቀርቧል።

የእኛ አሳብ ይህ ነው። ሁለት ሁለት ሆነው የተገኙ 7 ሸክላዎች አሉ። ከነሱ አንድ አንዱ፣ ዋጋው ከሁለት ቦታ ተጠይቆ፣ ይሸጥ። የጎደለውን ለሸራ በሁለት ወር መዋጮ እንሙላ። «ቼ በለው» ግን ቢያንስ ይህን ክረምት አይሸጥ። ያ አባታችን ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ሌሎቹም አራት ሽማግሌዎች ከዚያ ብዙ አያንሱም። ወጣቶቹ ሽማግሌዎቹ የሚሉትን በስልክ መቅዳት ጀምረዋል፤ ማን ሳክስፎን እንደ ነፋ፣ የትኛው ቤት እንደ ተጫወቱት፣ ማን ከማን ተጣልቶ ባንድ እንደ ለወጠ። ይህ ሸክላው ልባስ ላይ አልተጻፈም። ገንዘቡ ቢዘገይ ይመጣል፣ እነሱ ግን ቢዘገዩብን የምንጠይቀው የለም። በድምፅ ብልጫ ይሸጥ ካላችሁ እናከብራለን፤ ቃለ ጉባኤውንም እኛው እንጽፋለን።

አንድ ነገር ለወጣቶቹ፤ የሽማግሌዎቹን ወሬ ቅዱ፣ ዘፈኑን ግን ቀድታችሁ እንዳትሸጡ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይከለክላል፤ ዘፋኞቹም በዘመናቸው በቂ ተበድለዋል።

ድምፅ የሚሰጠው በሚመጣው ወር የመጀመሪያ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ሦስት ቅዳሜዎች ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ በእድሩ ቤት ሸክላ ይጫወታል። ይሸጥ የምትሉም ኑ፤ ሳትሰሙ ድምፅ አትስጡ። ሐዘን ካለ ማጫወቱ ይቀራል። መሐሉ ሰፊ ቀዳዳ ላለው ሸክላ የሚሆን መሐል ማስገቢያ ያለው ሰው ቢያውሰን ደስ ይለናል፤ ለጊዜው የምንጠቀመው በካርቶን ቆርጠን በሠራነው ነው፣ ዘፈኑም ትንሽ ይወላገዳል።

የእድሩ ጸሐፊ