የአጭር ፊልም ዳኛ ሙያው ምንድን ነው?

(በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)



ልጆቻችን በሥልጠናው ማብቂያ የሠሯቸው አጫጭር ፊልሞች በሚቀጥለው ወር ይወዳደራሉ። ኮሚቴው ሦስት ዳኞች ይፈልጋል። አንዷ እንድሆን ስጠየቅ መጀመሪያ ሳቄ ነው የመጣው። ሠላሳ ዓመት ልብስ ስሰፋ የኖርኩ ሴት ስለ ፊልም ምን አውቄ! ግን ነገሩ ከነከነኝና ልጄን፣ «እስቲ በሌላው ዓለም የሚዳኙት እነማን እንደሆኑ ፈልጊልኝ» አልኳት።

በፈረንሳይ አገር በካን ከተማ በየዓመቱ ትልቅ የፊልም ፌስቲቫል ይደረጋል። የአጫጭር ፊልሞች ውድድርም አለው፤ ፊልሙ ከ15 ደቂቃ አይበልጥም። እ.ኤ.አ. በ2013 ይህን ውድድር የዳኙት አምስት ሰዎች ነበሩ፤ አራቱ ሴቶች። ሰብሳቢዋ የኒውዚላንዷ ጄን ካምፒየን ናት። መጀመሪያ የተማረችው አንትሮፖሎጂ ነው፤ ስለ ሰው ባህልና አኗኗር ማለት ነው። ቀጥላ ሥዕል ተማረች። ፊልም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1986 እዚያው ካን ላይ በአጭር ፊልም ተሸልማለች፤ ስለዚህ ውጤት የሚጠብቅ ሰው ሆዱ እንዴት ባር ባር እንደሚለው ታውቃለች።

ከህንድ ናንዲታ ዳስ ነበረች። ተዋናይትና ዳይሬክተር ናት፤ የማስተርስ ዲግሪዋ ግን በሶሻል ወርክ ነው። ይህን ስሰማ ልጄን ሁለቴ አስነበብኳት። ከጣልያን ተዋናይትና ፕሮዲዩሰር ኒኮሌታ ብራስኪ፣ ከቱርክ ዳይሬክተሩና ጸሐፊው ሰሚህ ካፕላኖግሉ ነበሩ። አምስተኛዋ የእኛዋ ማጂዳ አብዲ ናት፤ ተዋናይት፣ ዳይሬክተርና ፕሮዲዩሰር። አዲስ አበባ ላይም የፊልም ፌስቲቫል መሥርታለች።

እንግዲህ አልደብቃችሁም፤ አምስቱም የፊልም ሰዎች ናቸው። ልብስ ሰፊ አላገኘሁም። ነገር ግን ዓይናቸው አንድ አይደለም። ተዋናይት ፊትን ታያለች፤ ጸሐፊ ታሪኩ የት እንደላላ ያያል፤ ገንዘብ ፈልጎ ፊልም ያሠራ ሰው ምን በምን እንደተሠራ ያውቃል። ያን ዓመት የመረጡት የደቡብ ኮሪያውን ሙን ብዮንግ-ጎንን ፊልም ነው፤ በቁማር ቤት ጠባብ ክፍል ውስጥ ገንዘብ ስለምትመነዝር ልጅ።

ባለፈው ዓመት ልጆቹ ለልምምድ ሲወዳደሩ ነጥብ ከሰጡት አንዷ ነበርኩ። አንደኛው ፊልም ስለ ጉሊት ነጋዴ ነበር። ሁለቱ ባለሙያዎች ስለ መብራቱና ስለ ድምፁ ተናገሩ፤ ትክክልም ነበሩ። ሴትዮዋ ግን ቤቷ ልትገባ ስትል ዘወር ብላ ከሽያጩ የተወሰነውን መቀነቷ ውስጥ ትሸጉጣለች። ይህን ማንም አላነሣውም። እኔ ግን ያ ብር ለምን እንደተሸጎጠ፣ ከማን እንደተደበቀ፣ ለየትኛው ልጅ ደብተር እንደሚሆን አውቃለሁ። እናንተም ታውቃላችሁ። ስናገር ነጥቡን ከፍ አደረጉት።

ያኑ ቀን ጥፋትም አጥፍቻለሁ። ለጎረቤቴ ልጅ ፊልም ከሚገባው በላይ ሰጠሁ። ጠዋት ቡና ያጠጣችኝ እናቷ ናት፤ ማታ ምን ፊቴን ላሳያት? አንዲት ሌላ ልጅ በእኔ ምክንያት ሦስተኛ የነበረችው አራተኛ ወጣች። እስካሁን ሳገኛት አንገቴን እደፋለሁ።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። አንዱ ወንበር ፊልም ለሠራ ሰው ይሁን፤ ልጆቹን ያስተማረው ግን አይሁን። ሁለተኛው ሶሻል ወርክ ለተማረች ሴት። ሦስተኛው ለአባላችን ይሁን፤ በውድድሩ ውስጥ ልጅም ሆነ የቅርብ ዘመድ ለሌላት።

ደጋፊዎቻችን አንድ ወንበር ለተወካያችሁ እንዲሰጥ መጠየቃችሁን ሰምቻለሁ። ካሜራውን የገዛችሁልን እናንተ ናችሁ፤ እግዜር ይስጥልን። ግን እናንተ ዳኛ ከሆናችሁ ልጆቹ የሚቀርጹት እናንተን ደስ ያሰኛል ያሉትን ብቻ ይሆናል፤ የመቀነቱ ብር አይታይም። ሽልማቱን በእጃችሁ ስጡልን፤ ዳኝነቱን ግን ተዉልን።

እኔ ራሴ የእህቴ ልጅ ስለምትወዳደር ወንበሩን አልቀመጥበትም። በምትኬ ገንዘብ ያዣችንን እጠቁማለሁ። ልጆቿ አድገው ሄደዋል፤ በቁጠባ ደብተራችን አሥር ብር ስትጎድል እንኳ ለማንም አታደላም። እሺ ካለች እጃችሁን አውጡ።